ከገጠር መልስ እግሬ ላይ ጥቁር እከክ ወጣ፤ ምን ነክሶኝ ይሆን?

አደይ ከባሕር ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ቡሬ አካባቢ ገጠር፣ አያቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከአጎቴ ልጆች ጋር ከብት የሚሰማራበትን ሜዳ አቋርጠን ወንዝ ድረስ ወረድን። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። አጭር ቀሚስ ነበር የለበስኩት። ማታ መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎልኝ ተኛሁ።

እሁድ ስመለስ ቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። በጣም ያሳክክ ነበር። እሱስ አሁን ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። ከግራ ጉልበቴ ጀርባ፣ እጥፋቱ ላይ፣ ብቻዋን የወጣች አንዲት አለች። መጀመሪያ ቀይ እብጠት ነበረች። አሁን መሐሏ ጠቁሮ እከክ ሠርቷል። ስፋቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዙሪያው ቀይ ነው። አያምም፤ ብዙም አያሳክክም። ከትናንት ጀምሮ ግን ራሴን ይፈልጠኛል፤ ብርድ ብርድ ይለኛል። በዚያው እግር በኩል ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጥቷል።

የነከሰኝን ነገር በዓይኔ አላየሁም። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ልትጨምቅልኝ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሸረሪት ነው ትላለች። ሌላው ደግሞ አሞክሳሲሊን ገዝተሽ ዋጪ ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ነርስ ከማርቆስ፦
እግዜር ይማርሽ እህቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የነፍሳቱን ስም ለማወቅ ብዙ አትድከሚ። ከቁስል ፎቶ ብቻ ይሄ ቁንጫ ነው፣ ያ ሸረሪት ነው ብሎ የሚምል ሰው ካለ አትመኚው። ቆዳችን ለብዙ ንክሻ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀይ እብጠትና ማሳከክ። የሚጠቅመን የት እንደሄድሽ፣ መቼ እንደወጣብሽ፣ ቁስሉ ከቀን ወደ ቀን ምን እየሆነ እንደመጣና ሌላ ሰውነትሽ ምን እንደሚል ነው። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ደህና አድርገሽ ጽፈሻል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የገጠመሽ። ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ተሰብስቦ የወጣው፣ በጣም ያሳከከውና በራሱ የጠፋው የቁንጫ ጠባይ አለው። ቁንጫ ከመሬት ዘሎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ከጉልበት በታች ነው የሚነክሰው። አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ ማደርሽም አንድ ምልክት ነው። ትኋን ቢሆን አንገት፣ ፊትና ክንድ ላይ፣ አንዳንዴም ተደርድሮ እናገኘው ነበር።

ያቺ ብቻዋን የወጣችው ግን ሌላ ናት። ጥቁር እከክ፣ ንፍፊት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት አንድ ላይ ሲመጡ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ። እስከዚያ እከኩን አትላጪው፤ አትጭመቂው። በሳሙናና በውኃ እጠቢው፤ በቃ። የቀላውን ዳር ዳር በእስክሪብቶ አክብቢበት፤ ሰዓቱንም ጻፊ። ቅላቱ ከመስመሩ እያለፈ ከሄደ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ትኩሳትሽን ለክተሻል?

አደይ ከባሕር ዳር፦
አሁን ከጎረቤት መለኪያ ተውሼ ለካሁት። 38.6 ነው። መስመሩንም አድርጌያለሁ። አመሰግናለሁ።

ጋሼ ቢቸና፦
እታለም፣ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን በሙሉ ከከብት ጋር ነው የኖርኩት። ጥቁር፣ የማያም ቁስል ስትዪ ደነገጥኩ። አያትሽ ዘንድ የሞተ ወይም በድንገት ታሞ የታረደ ከብት ነበር? ሥጋውን ነክተሻል? ቆዳው ላይ ተቀምጠሻል? አባ ሰንጋ በሰው ቆዳ ላይ ሲወጣ እንዲሁ መሐሉ ጥቁር ነው፤ አያምም። አያምም ብለው ሰዎች ችላ ይሉታል። በእኛ አገር ይህን ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም።

አደይ ከባሕር ዳር፦
ኧረ የለም ጋሼ። የሞተ ከብትም የታረደም አልነበረም። አጎዛው የቆየ የበግ አጎዛ ነው። ቁስሉ ያለበት ቦታም ብዙ አላበጠም።

ነርስ ከማርቆስ፦
ጋሼ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ስላነሱት ደስ ብሎኛል። የቆዳ አባ ሰንጋ ትንሽ የሚያሳክክ እብጠት ሆኖ ይጀምራል። ከዚያ ውኃ ይቋጥራል። በመጨረሻ ጥቁር ቁስል ይሆናል። ዙሪያው ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ትልቅ እብጠት ይኖረዋል፤ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ነጠብጣቦችም ይከቡታል። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል። ከቆየ ግን ወደ ደም ሊገባ ይችላል። እንስሳ ያረደ፣ የገፈፈ፣ ታሞ የሞተ ከብት ሥጋ የነካ ሰው ጥቁር ቁስል ሲያይ አንድ ቀን ማደር የለበትም። የሞተውንም ከብት ሳይገፍፉ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ነው።

አደይ፣ ጤና ጣቢያ ስትደርሺ ይህንንም ንገሪያቸው። ከብት እንዳልነካሽ ማወቃቸው ራሱ ይጠቅማል።

ቨርጂኒያ ያለሁ ጎጃሜ፦
እኔ የምኖርበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሁሉም የሚያስበው ላይም የሚባለውን በሽታ ነው። መዥገር ነው የሚያስተላልፈው። ዙሪያው እንደ ዒላማ ቀለበት ይሠራል። ፎቶ ፈልጊና አስተያዪው። ካልታከመ መገጣጠሚያና ነርቭ ይጎዳል ይላሉ።

የከብት ሐኪም፦
ወንድሜ፣ አሳቢነትህ ጥሩ ነው። ግን የአሜሪካውን መልስ ለቡሬ መስጠት አይሆንም። ላይምን የሚያስተላልፉት መዥገሮች በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ የሚገኙ ዝርያዎች ናቸው። እኛ ሜዳ ላይ ያሉት ሌሎች ናቸው። ሌላ በሽታም ነው የሚይዙት።

የእኔ ሥራ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ከብት ላይ ብዙ የምናገኘው አንድ መዥገር አለ። ጀርባው ዝንጉርጉር ነው፤ ወንዱ ብርቱካናማ ጌጥ ያለው ይመስላል። እግሮቹ ላይ ነጭ ቀለበት አለ። አፉ ረጅም ስለሆነ ሲነክስ ጠልቆ ነው። ሌላው መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ሆኖ የሚያልፍ ሲጠብቅ፣ የዚህ ዓይነቱ ጎልማሳ ግን ትንፋሽ ተከትሎ መሬት ለመሬት ወደ ከብቱ ይሄዳል። ሰውም ላይ ይወጣል።

ይህ መዥገር ሰው ላይ ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ይይዛል። ባክቴሪያው በኢትዮጵያ መዥገሮች ላይ ከተገኘ ቆይቷል። በሽታው የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ይባላል። የተነከሰው ቦታ ይጠቁራል፤ በቅርቡ ያለው ንፍፊት ያብጣል፤ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይከተላል። አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚጀምረው። ላይም ላይ የሚታየው ሰፊ ቀለበትና ይህ ጥቁር እከክ አይመሳሰሉም።

አደይ፣ መዥገሩን አለማየትሽ አይግረምሽ። መዥገር ሲነክስ ብዙ ጊዜ አያምም። ገና ያላደገው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ጠጥቶ ሲጠግብ ራሱ ይወድቃል። የጉልበት እጥፋት፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ወገብ ላይ ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ ይመርጣል። አንቺ የጻፍሽው ቦታ እዚያው ነው።

አገው ምድር፦
ዳንግላ ነው ያደግሁት። ይቅርታ አድርጉልኝና ለሁሉ ነገር ሐኪም ቤት ማለት አልወድም። እኛ ሜዳ ላይ ውለን ስንገባ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ታስርልን ነበር። መዥገር ከያዘን ላምባ ነክታ ታወጣው ነበር። ማንም አልሞተም። የገጠር ሰው ሁሉ አንቲባዮቲክ ውጦ አይደለም እዚህ የደረሰው።

ነርስ ከማርቆስ፦
ወንድሜ ከልብህ እንደሆነ ይገባኛል። እናቶቻችን በያዙት ነገር ሁሉ ተንከባክበውናል። እኔም በዚያው ነው ያደግሁ። ግን የማየውን ልንገርህ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ያቃጥላል። በንክሻ የመጣ ትንሽ እብጠት ውኃ ቋጥሮና ተልጦ የሚመጣልን በዚህ ነው፤ በተለይ ሕፃናት። ላምባ፣ የተለኮሰ ክብሪት፣ ቅቤ መዥገሩን ያስጨንቁታል። ሲጨነቅ ደግሞ በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። የምንፈራው እሱን ነው።

መዥገር በወረንጦ ነው የሚነቀለው። በተቻለ መጠን ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ጭንቅላቱ በኩል መያዝ፤ ሳይጠመዝዙ፣ ሳይነጥቁ፣ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ። ሆዱን መጭመቅ የለም። ከዚያ ቦታውንም እጅንም በሳሙና መታጠብ። አፉ ተቆርጦ ቢቀር በመርፌ አትቆፍሩት፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። የነቀላችሁትን መዥገር በጣት አትደፍጥጡት።

ሌላ ደግሞ እዚህ ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። የተነከሰን ቦታ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን ብሎ በአፍ መምጠጥ፣ አመድ ወይም አፈር መነስነስ። ይህ ለመንጋጋ ቆልፍ በር መክፈት ነው። የትኛውም ነፍሳት ቢሆን ይህን የሚጠይቅ ንክሻ የለም።

አገው ምድር፦
የምላጩን ነገር እኔም አልደግፍም። ሽንኩርቱ እንደሚያቃጥል ግን አልሰማሁም ነበር። የዳማከሴውስ?

ነርስ ከማርቆስ፦
ዳማከሴ ማሽተቱንም፣ ገላ ላይ ማሸቱንም እናት ከወደደች አልከለክልም። ክፍት ቁስል ላይ ግን አይጨመቅ። ሕክምናውንም አያስቀር። ጸበሉም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጠመቅ ይቻላል።

ፋርማሲ ቤት የምሠራ፦
ስለ አሞክሳሲሊን ልመልስ። የመዥገር ትኩሳት የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው ከሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። አሞክሳሲሊን አይነካውም። ገንዘብሽንም ጊዜሽንም ትጨርሻለሽ። ለዚህ በሽታ ሐኪሞች በዋናነት የሚያዙት ዶክሲሳይክሊን ነው። ግን እሱንም ከእኔ መጥተሽ ያለ ማዘዣ አትግዢ። እርጉዝ ሴት ላይ፣ ሕፃን ላይ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ተራ ንክሻ ለገጠመው ሰው ግን ብዙ ነገር አያስፈልገውም። በሳሙና መታጠብ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ያህል መያዝ፤ ማሳከኩን ያበርዳል። ካላስቻለ ለአዋቂ ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይበቃል፤ አንዳንዱን ያስተኛል፤ መኪና የሚነዳ ይጠንቀቅ። ሃይድሮኮርቲሶን 1 ፐርሰንት ቅባት ስስ አድርጎ ለጥቂት ቀን መቀባት ይቻላል፤ የተላጠ ቁስል ላይ ግን አይሆንም። ሰዎች ስም ጠርተው የሚጠይቁኝ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች አሉ። ፊት ላይ አትቀቧቸው፤ ቆዳ ያሳሳሉ፤ ፈንገስ ከሆነ ደግሞ ያሰፉታል።

በጥፍር ማከክ ነው ዋናው ጠላት። ከንክሻው ይልቅ በጥፍር የገባው ቆሻሻ ነው ብዙ ሰው የሚያመግለው። የልጆችን ጥፍር ቁረጡ።

የሰከላ ልጅ፦
እዚሁ ልጠይቅ። እኔ ትኩሳት የለኝም። ጉንጬ ላይ ከክረምቱ በፊት አንዲት ብጉር የመሰለች ወጣች። ትንኝ መስሎኝ ተውኳት። አልጠፋችም። እየሰፋች መጣች። አሁን ላይዋ ቅርፊት አለው። አታምም። ቅባት ቀያይሬ ነበር፤ ለውጥ የለም። የምንኖረው ገደል ሥር ነው፤ ሽኮኮ የሞላበት።

ነርስ ከማርቆስ፦
ወንድሜ፣ ቅባቱን ተውና ሆስፒታል ሂድ። ለሳምንታትና ለወራት ቀስ እያለ የሚያድግ፣ የማያም፣ ፊት ላይ ያለ ቁስል በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ቁንጭር እንድናስብ ያደርገናል። የሚያስተላልፈው አሸዋ ዝንብ ነው። ከተራ ትንኝ በጣም ያንሳል፤ ድምፅም የለውም። ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን ነው የሚነክስ። ቀን ቀን ገደል ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ይደበቃል። ሽኮኮዎች ተሕዋሲውን ይዘው ይኖራሉ፤ ዝንቡ ከእነሱ ወደ ሰው ያመጣዋል። የጻፍከው ቦታ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ከቁስሉ ዳር ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መድኃኒት አለው። ሆስፒታሉ ራሱ ማከም ካልቻለ ሪፈር ይጽፍልሃል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሊሽማኒያሲስ፣ ማለትም ቁንጭር ለሚመደብበት የበሽታ ዓይነት፣ ብቻ የተቋቋመ ማዕከል አለ። አፍንጫና ከንፈር አጠገብ ከሆነ ደግሞ አትዘግይ። በራሱ የሚድንም አለ፤ ግን ጠባሳ ይተዋል፤ አንዳንዱም ወደ አፍንጫ ውስጥ ይዘልቃል። ማንም ሰው በእሳት ወይም በአሲድ ላቃጥልልህ ቢልህ እንዳትፈቅድ፤ አደራ።

የሰከላ ልጅ፦
ከንፈሬ አጠገብ ነው። ሰኞ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

የመምህሩ ሚስት፦
የእኔ ልጅ ደግሞ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ አንገቱ ላይ በጅራፍ የተመታ የመሰለ ቀይ መስመር ነበረው። ያቃጥለዋል። በማግሥቱ ውኃ ቋጠረ። ክርኑን አጥፎ ስለሚተኛ ይሁን አላውቅም፤ ክርኑ እጥፋት ላይ ደግሞ ሁለት ፊት ለፊት የሚገጥም ቁስል ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ሸረሪት ሸናበት አለኝ። መብራት ያለበት ክፍል ነው የሚተኛው።

ነርስ ከማርቆስ፦
ሸረሪት አይደለም እህቴ። ንክሻም አይደለም። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ቀይና ጥቁር ቀለም የተፈራረቀባት ትንሽ ጥንዚዛ አለች። ዝናብ ሲበዛ ትራባለች፤ ማታ መብራት ትከተላለች። አትነክስም፤ አትናደፍም። ሰውነት ላይ ስትሄድ ሰው በእጁ ሲደፈጥጣት ከውስጧ የሚወጣው ፈሳሽ ነው ቆዳውን የሚያቃጥለው። ስለሚታሽ ነው መስመር የሚሠራው። ክርን እጥፋት ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት የወጡት አንዱ ቆዳ ሌላውን ስለነካው ነው።

በሳሙና በደንብ እጠቢለት፤ ልብሱንና አንሶላውንም እጠቢ። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊለት። እጁን ወደ ዓይኑ እንዳይወስድ ጠብቂው፤ ዓይን ከነካ ሐኪም ቤት ነው። ወደፊት ስታያት በትንፋሽ እፍ በያት እንጂ አትምቻት። መብራቱን አጥፍታችሁ ተኙ፤ አጎበርም ከእሷም ከወባ ትንኝም ይከላከላል።

ጋሼ ቢቸና፦
ይህን ውይይት ስላነበብኩ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ደረቱ ላይ በአንድ በኩል ብቻ እስከ ጀርባው የዞረ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጥቶበታል። ከመውጣቱ በፊት ጎኑን ይወጋው ነበር። እርሻ ሲጎለጉል ነፍሳት ነደፈኝ ይላል። ትናንት ነው የወጣው።

ነርስ ከማርቆስ፦
ጋሼ፣ ወንድምዎን ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። በአንድ ጎን ብቻ ቀበቶ ሠርቶ የሚወጣና ሕመም ቀድሞት የሚመጣ ነገር አልማዝ ባለጭራ ነው የሚመስለኝ። ነፍሳት አይደለም። በልጅነት ጉድፍ ያመጣው ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ሲነሣ እንዲህ ይወጣል። መድኃኒቱ አሲክሎቪር ነው። ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ከዘገየ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሕመሙ ለወራት ሊቀር ይችላል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ይበረታል። ግንባርና ዓይን አካባቢ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያስቸኩላል።

ጋሼ ቢቸና፦
ተነሥተናል። ታቦቱ ይጠብቅሽ ልጄ።

አደይ ከባሕር ዳር፦
ጤና ጣቢያ ሄጄ መጣሁ። መጀመሪያ የወባ ምርመራ ነው ያደረጉልኝ። ነፃ ነኝ። ከብት ነክቼ እንደሆነ፣ እርጉዝ እንደሆንኩ፣ የት እንደዋልኩ ጠየቁኝ። ሐኪሙ ሌላም ሦስት ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ወገቤ አጠገብ አገኘ፤ እኔ አላየኋቸውም ነበር። የመዥገር ትኩሳት ይመስላል ብሎ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን አዘዘልኝ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ሰጠኝ። ካልተሻለኝ ወይም ሽፍታ ካየሁ ተመለሺ ብሎኛል።

ፋርማሲ ቤት የምሠራ፦
ደግ አደረግሽ። መድኃኒቱን በብዙ ውኃ ዋጪው። ውጠሽ ወዲያው አትተኚ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አንድ ላይ አትውሰጂው፤ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቂ። ፀሐይ ላይ ብዙ አትቁሚ፤ ቆዳሽ ቶሎ ይቃጠላል። ሲሻልሽ አታቋርጪው።

ነርስ ከማርቆስ፦
የወባው ምርመራ መቅደሙን ሁሉም ሰው ልብ ይበል። ከ2000 ሜትር በታች ያለው አገራችን ወባ የሚተላለፍበት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ዋናው ወቅት ነው። አባይ በረሃ ወርዶ፣ ብር ሸለቆ ውሎ፣ ጣና ዳር አድሮ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቁስሉን ብቻ እያየ ወባን እንዳይረሳ። ጥቁር እከክ ያለበት ሰው ወባም ሊኖረው ይችላል።

አምቡላንስ የሚያስጠራውን ደግሞ ለብቻው ልናገር። ንብ፣ ተርብ ወይም ሌላ ነገር ነድፎት ፊቱና ምላሱ ያበጠ፣ ድምፁ የተዘጋ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ መላ ገላው የተንደበደበ፣ ራሱን ያዞረው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነው የሚያድነው። ክኒን ፍለጋ አትሂዱ። ጋደም አድርጋችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ መተንፈስ ካቃተው ግን ቀና ብሎ ይቀመጥ። ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት።

አደይ ከባሕር ዳር፦
በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ራስ ምታቱም የለም። እከኩ እንዳለ ነው፤ ንፍፊቱም ገና አልሟሸሸም። የአጎቴ ልጆች ግን አብረውኝ ነበሩ፤ ደውዬ ጠይቄያቸው ሁለቱ ደህና ናቸው። ሕፃኗ ራስ ቅሏ ላይ ፀጉር ውስጥ አንድ መዥገር ተገኝቶባታል። ትኩሳት የላትም። አጎቴ ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ልቀባት ወይ ይለኛል።

የከብት ሐኪም፦
እንዳያደርገው! ዛሬውኑ ደውይለት። ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖን ለሰው መርዝ ነው። ልጅ ራስ ላይ ተቀብቶ በቆዳ ይገባል፤ ያስመልሳል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ይገድላል። ለሰው የሚሆን መጠን አለው ብሎ የሚያቃልለውን አትስሙት። ነርሷ እንዳለችው በወረንጦ ይንቀሉላት። ወረንጦ ከሌለ ጣትን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ጠቅልሎ ቆዳው ሥር ይዞ መሳብ ይቻላል።

አጎትሽ መድኃኒቱን ከብቶቹ ላይ በትክክል ቢጠቀምበት ግን ልጆቹንም ይጠብቃል። መዥገር የሚበዛው በክረምቱና ከክረምቱ መውጫ ላይ ነው። ወረዳው ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጠይቅ፤ ምን ያህል በስንት ሊትር ውኃ እንደሚበጠበጥ ይነግሩታል። ሲረጭ ጓንት ያድርግ፤ ነፋሱ ወደሱ አይምጣ፤ ዕቃውን ወንዝ ውስጥ አይጠብ። የጡትና የጆሮ ሥር፣ የጅራት ሥር አይረሳ። መዥገሩ እዚያ ነው የሚሰበሰብ።

ሜዳ የምትሄዱ ደግሞ ረጅም ሱሪ ልበሱ፤ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ነጣ ያለ ልብስ ከሆነ መዥገሩ ሲወጣ ይታያል። ዲት ያለበት የነፍሳት መከላከያ ከተማ ፋርማሲ ከተገኘ እግርና ካልሲ ላይ ይቀባል። ከብት በሚረግጠው መንገድ ላይ አረፍ ብላችሁ አትቀመጡ። ማታ ስትገቡ ልብሳችሁን አውልቃችሁ ጉልበት እጥፋት፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ወገብ፣ ጆሮ ጀርባ ተያዩ። ልጅ ከሆነ ፀጉሩን በጣት እየከፈላችሁ።

አገው ምድር፦
ሳማ የገጠመው ሰውም ንክሻ ነው ብሎ ይጨነቃል። ቅጠሉ የነካው ቦታ ወዲያው ያቃጥላል፤ ይንደበደባል። በአንድ ቀን ውስጥ ይጠፋል። ወንዝ ዳር ለሚሄድ የከተማ ሰው ይህንንም ማወቅ ጥሩ ነው። እኛ ልጅ ሆነን ቀዝቃዛ ውኃ ነበር የምናፈስበት።

ነርስ ከማርቆስ፦
ትክክል ነው። ሳማ ወዲያው ነው፤ የነካህን ታውቀዋለህ። እግር ጣት ላይ፣ ጥፍር ሥር፣ ተረከዝ ላይ መሐሉ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ እብጠት ከሆነ ደግሞ ሙጃሌ ነው፤ በንጹሕ መርፌ ጤና ጣቢያ ይወጣል። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው አይሆንም።

የዘንገና እናት፦
እኔም ልጠይቅ። እህቴ እርጉዝ ናት፤ ስድስተኛ ወሯ ነው። ትናንት ባቷ ላይ መዥገር አግኝተን ነቅለናል። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ምንም አላመማትም። ይህን ሁሉ አንብቤ ፈራሁ። መድኃኒት መጀመር አለባት?

ነርስ ከማርቆስ፦
የለባትም። መዥገር ስለነከሰ ብቻ መድኃኒት አይጀመርም። አብዛኛው ንክሻ ምንም ሳያመጣ ያልፋል። የተነቀለበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለሁለት ሳምንት ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ጥቁር እከክ፣ ንፍፊት ካየች በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ። ስትደርስ መጀመሪያ የምትናገረው እርጉዝ መሆኗን ነው፤ ቀጥላ መዥገሩን። ለእሷ የሚሆን ሌላ መድኃኒት ይመርጡላታል። የቅድመ ወሊድ ክትትል ካርዷንም ይዛ ትሂድ።